ሲስተር ይርገዱ ያዋለዱት ውድድር

ሲስተር ይርገዱ ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጠብ ተነሣ። የውርስ ጠብ እንዳይመስላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ከሃምሳ ዓመት በታች ያለው ሰው ከሞላ ጎደል በእሳቸው እጅ የተወለደ ነው፤ ጠቡም «ሲወለድ እሳቸውን አብልጦ ያስቸገረ ማን ነው?» የሚል ነበር።

አንዱ የባንክ ሰው ከረባቱን እንዳሰረ «እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት!» አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ፖሊስ «በእግር መምጣት ምን አለው? እኔ እትብቴን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ነው የወጣሁ» ብሎ አንገቱን ገልጦ አሳየ፣ እስከ ዛሬ ምልክቱ ያለ ይመስል። አንድ ዲያቆን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ የፈረስ ጋሪ ላይ እንዳለች እንደ ወለደችውና ሲስተር በአንድ እጃቸው እሱን፣ በሌላው ልጓሙን ይዘው ሆስፒታል እንደ ደረሱ ተናገረ። እሱ ካወራ በኋላ ሌላ የሚወዳደር ጠፋ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የያዙ ሴቶች ሳቃቸውን ማፈን አቅቷቸው ትከሻቸው ይነቀነቃል፤ ከውጭ ለሚያይ የመረረ ለቅሶ ነው።

እኔ አልተወዳደርኩም። የእኔን አወላለድ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ሲስተር ሱቄ መጥተው ዋጋ በጠራሁላቸው ቁጥር፣ ቆሞ ለሚሸምተው ሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር።

«ይህ ልጅ ሲወለድ ጣቶቹን ጨብጦ ነው የወጣ። አጥቤ፣ ጠቅልዬ ለእናቱ ስሰጣት እንኳ አልዘረጋም። ይኸው እስከ ዛሬ ጨብጧል!»

የባጃጅና የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ መጨበጥ ሙያዬ ነው። ግን ደንበኛ ፊት እንዲህ ከተባለ በኋላ ዋጋ መቀነስ እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

አጭር፣ እጀ ሰፊ ሴት ነበሩ። ሰው ሲስሙ መዳፋቸውን ከማጅራትህ ሥር ያስገቡና ራስህን ደገፍ ያደርጉታል፣ አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ይመስል። ሽበታም ዳኛ ሆንክ የዞን ኃላፊ፣ ልዩነት የለውም። ችግር ይዞ ለሄደ ሁሉ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። ንግድ የከሰረበት፣ ፈተና የወደቀ፣ ሚስቱ ጥላው ወደ እናቷ የሄደችበት፣ ሁሉም አልቅሶ ሲጨርስ «ትተነፍሳለህ?» ይሉታል። «እተነፍሳለሁ ሲስተር።» «እንግዲያው ደህና ነህ። ተነሥ።» የገረመኝ፣ ሰው ከዚህ በኋላ እውነትም ተነሥቶ መሄዱ ነው።

ግን እኔ እሳቸውን የማልረሳው በዚህ አይደለም። በልጆቹ ጋሪ ነገር ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚኖሩባት ቤት ከአዲሱ አስፋልት ቁልቁለት ግርጌ ነበረች። አስፋልቱ ገና ሳይቀዘቅዝ የሰፈሩ ልጆች የእነሱ አደረጉት። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ፣ ያ የመኪና ጎማ መሃል የሚሽከረከር የብረት ቀለበት፣ እየለቀሙ ከሳንቃ ሥር ይገጥሙታል። ከዚያ ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ መንደርደር ነው። ድምፁ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ያስንቃል። ጉልበቱ የተላጠ፣ ክርኑ የተጋጠ ሁሉ መጨረሻው የሲስተር ደጃፍ ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከነጋሪው ገብቶ ነው የሚታከም።

ሲስተር ወጥተው ያስቆሙልናል ብለን ወላጆች ሁሉ ጠበቅን። አንድ ቅዳሜ ነጩን ጋወናቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ብቅ አሉ። ልጆቹ በፍርሃት ተሰለፉ። ሲስተር ጋሪዎቹን ተራ በተራ ገለበጡ። ኩሽኔታውን በጣታቸው አሾሩና የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይህኛው ጉንፋን ይዞታል፤ ግራሶ አስቀቡት» አሉ። «ደግሞ ራሱ ላይ ነገር ሳያደርግ የሚነዳ ካለ፣ እኔው ቀድሜ እሰብርለታለሁ።»

በሳምንቱ ልጆቹ በሙሉ ውስጡ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ግማሽ ቅል ደፍተው፣ በአገጫቸው ሥር በገመድ አስረው መጡ። ከላይ ሲለቀቁ የዱባ ማሳ ከነሥሩ ተነቅሎ ቁልቁል የሚሮጥ ይመስል ነበር። ውድድሩ እንዲህ ተጀመረ። ማስጀመሪያው ፊሽካ አይደለም፤ ሲስተር ናቸው። «ግፉ!» ብለው ሲጮኹ ያ የማዋለጃ ክፍል ድምፃቸው ስለሆነ፣ ከተመልካቹ መሃል በድንጋጤ ሆዳቸውን የሚይዙ እናቶች አይቻለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት የቡሬ ልጆችም ጋሪያቸውን ሚኒባስ ላይ ጭነው መጡ። የእኛዎቹ «በርበሬ ሻጭ! ማስነጠስ እንጂ መንዳት የት ታውቃለህ!» ይሏቸዋል፤ ቡሬዎቹ «ማንጎ ለቃሚ! ጎንበስ በል፣ አንዱ ወድቆልሃል!» ብለው ይመልሳሉ። ያን ዓመት ሁሉንም ጥላ የገባችው ጥሩ የምትባል የአያ ጓዴ ልጅ ናት። አያ ጓዴ የፈረስ ጋሪ ነጂ ነው። ልጅቱ ጋሪዋን የሠራችው አባቷ ከጣለው ሳንቃ ነበር፤ ኩርባው ላይ ስትደርስ በጎኗ እስክትተኛ ታዘነብላለች፣ ጆሮዋ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው።

መጨረሻ የወጣው የባለ ሆቴሉ የስማቸው ልጅ ናቲ ነው። ወጣ ከተባለ ነው እንጂ። ኩርባው ላይ የተከመረው ገለባ ውስጥ ገብቶ ጫማው ብቻ ነበር የሚታይ።

ስማቸው ይህን መዋጥ አቃተው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆቴሉ ፎቅ ስለሆነ ነገርን ሁሉ ከላይ ማየት ለምዶ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ምድብ፣ ማለት የጋሪ ዓይነት፣ እንምረጥ ተብሎ ሲስተር ግቢ ማንጎው ሥር ስንሰበሰብ፣ ስልኩን ከፍቶ በየአፍንጫችን ሥር አዞረው። ፈረንጅ ልጆች ዝቅ ያለች ባለ ሞተር መኪና ውስጥ ተጋድመው ይበራሉ።

«ይኸውላችሁ! ካርት ማለት ይህ ነው። የውሃ ፓምፕ ሞተር እንገጥማለን፣ ይነዳል። ዓለም የት ደርሷል፣ እኛ ቅል ደፍተን እንንከባለል? ለሽልማቱ በጉን እኔ እችላለሁ። ለእንግዳውም ምሳ ከሆቴሌ።»

በግና ምሳ ሲጠራ ሸንጎው ተቁነጠነጠ። የቡሬዎቹ ተወካይ፣ አንድ ቀጭን ልብስ ሰፊ፣ «ሞተሩ ቢቀር የብስክሌት ጎማ ይሁን፤ ኩሽኔታው የልጆቹን ጥርስ አነቃነቀው» አለ። የብስክሌት ጎማም ቢሆን እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። የመስኖ ፓምፕ ያለው አባት ደግሞ ከተማው ውስጥ በጣት ይቆጠራል፤ ቡሬም ያው ነው። ሞተር ከተመረጠ የሚወዳደሩት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው፣ ሌላው ልጅ አጥር ላይ ወጥቶ ያያል።

እኔ አስተያየት አልሰጠሁም። ሞተር ማለት ሰንሰለት፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የት ሱቅ እንደሚገኙ ግልጽ ነው። ሲስተር አዩኝ።

«አንተ ለምን ዝም አልክ?»

«እያዳመጥኩ ነው ሲስተር።»

«ጣቱ ሲጨበጥ አየሁት» አሉ ለሸንጎው። ሁሉም ሳቀብኝ።

ከዚያ ወደ አያ ጓዴ ዞሩ። አያ ጓዴ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «እኔ ሞተር አላስገባም» አለ። «ፈረሴ ይቀናል።» እንደገና ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳይበርድ ከአጥሩ ጀርባ የልጅ ድምፅ መጣ።

«እኔስ? በምን ልግባ?»

ጥሩ ናት። ቅሏን በእጇ ይዛለች።

ስማቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «አይ እንግዲህ፣ ስፖርት ነው። የቻለ ይወዳደራል፣ ያልቻለ ያጨበጭባል። ማጨብጨብም ያስፈልጋል።»

«አንተ ስማቸው» አሉ ሲስተር በቀስታ፤ በቀስታ ሲናገሩ ነው የሚያስፈሩ። «ስትወለድ ገና ጭንቅላትህ ሳይታይ እናትህ 'ወንድ ነው?' ስትል፣ 'ቆይ እስኪ ይምጣ፣ እናየዋለን' አልኳት። አሁንም እንደዚያው ነው። ገና የሚመጣውን ልጅ አንተ ቀድመህ አትከልክል።»

«እና ምን ይሁን ይላሉ ሲስተር?»

«መቀናጆ።»

ሰው ሁሉ ተያየ። መቀናጆን የማያውቅ የለም፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር በሬውን አቀናጅቶ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያለ የሚያርስበት ነው። ጎጃም ግማሹ የታረሰው እንዲያ ነው። ግን ጋሪ?

«ሙሉ ጋሪ ይዞ የሚመጣ አይኖርም» አሉ። «እያንዳንዱ ቤት ግማሽ ያመጣል፦ ሁለት ኩሽኔታ፣ ግማሽ ሳንቃ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀናጅ በየከተማው በዕጣ። አንዱ ልጅ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋና ዘሎ ይሳፈራል። ሁለቱም ላዩ ላይ ሆነው መስመሩን ካላለፉ አልገቡም።»

ስማቸው ተቆጣ፣ ሳቀ፣ መልሶ ተቆጣ። በመጨረሻ ግን ነጋዴ ነውና ውል አቀረበ። «ይሞከር። ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ይሞከር። ልጆቹ ሳይጣሉና ሳይበታተኑ ከወረዱ ሞተሩን እተዋለሁ። ከተበታተኑ ግን የመጪው ዓመት ምድብ ሞተር ነው፣ እርስዎም ሌላ ቃል አይጨምሩም።»

«አልጨምርም» አሉ ሲስተር። ጥሩ ከአጥሩ ማዶ ጥፍሯን ትበላለች።

ዕጣው ከቅል ውስጥ ወጣ። የጥሩ ስም ከናቲ ስም ጋር። ስማቸው ወደ ሰማይ አየ፤ አያ ጓዴ ወደ መሬት አየ።

ጋሪው ሲሠራ ያየነውን ጉድ ምን እላችኋለሁ። ስማቸው ለልጁ ድርሻ አዲስ ኩሽኔታ ከእኔ ገዛ፣ ውዱን። አያ ጓዴ ያለውን አሮጌ አመጣ። ተገጥሞ ሲለቀቅ ጋሪው ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ቀጥታ ቦይ ገባ። ደግመው ለቀቁት፣ ደግሞ ቦይ። ጉልበቱ ያልተመጣጠነ በሬ መሆኑ ነው፣ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በነጋታው ስማቸው ሱቄ መጣና ግራ ቀኙን አይቶ «ያረጀ ኩሽኔታ አለህ?» አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ስነግድ ያረጀ ዕቃ መርጦ የጠየቀኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። ከአዲሱ አስወድጄ ሸጥኩለት፤ ያረጀ ነገር በትዕዛዝ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ናቲ ግን ተለወጠ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ አያ ጓዴ ግቢ ነው፤ ፈረስ ያሻል፣ ሳንቃ ይልጋል። ጥሩ ደግሞ ሆቴሉ ወጥ ቤት ገብታ «ነዳጅ ልሙላ» እያለች ሳምቡሳ ትበላለች አሉ።

የሙከራው ቀን ግንቦት ውስጥ ነበር፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሕዝቡ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ሲስተር አንድ ጎረምሳ ከላይ ሆኖ እንዲያስጀምር ሾሙና እሳቸው ታች፣ በኖራ የተሰመረው መጨረሻ ላይ ነጭ ጋወናቸውን ለብሰው ቆሙ። ስማቸው ከጎናቸው ቆሞ «ከአሁን አሁን ይጣላሉ» ይላል። አያ ጓዴ አለንጋውን በሁለት እጁ ይጠመዝዛል። እኔ መሃል ነኝ።

ተለቀቁ! ያ የመፈልፈያ ድምፅ መጣ። ጥሩ መሪዋን ይዛ፣ ናቲ ከኋላዋ እንደ ጀርባ ቅርጫት ተለጥፎ፣ ኩርባውን ሁለቱም በአንድነት አዘንብለው ዞሩት። «እየው! እየው! ልጄ አዘነበለ!» አለ ስማቸው፣ ከዚያ ራሱን ገታና ሳለ።

ከኩርባው በታች መንገዱ ለጥ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጋሪ ስለሚደክም ገፊው ይወርድና በሩጫ ይገፋል። ናቲ ወርዶ እየገፋ ነበር፣ ከሁሉም ቀድመዋል። ያኔ ነው፣ አባ፣ የሰፈራችን የንስሐ አባት፣ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ዳር ቀስ እያሉ ብቅ ያሉት።

የጎጃም ልጅ ምን ያደርጋል? ናቲ ጋሪውን ለቀቀ። ቅሉን ከራሱ አወለቀ። ሄዶ ጎንበስ አለ።

አባ ደግሞ አይቸኩሉም። ግንባሩን አሳለሙት፣ ከንፈሩን አሳለሙት።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የስማቸው ነኝ አባ።»

«የባለ ሆቴሉ? እናትህ ወገቧን ተሻላት?»

«ተሽሏታል አባ።» ናቲ እግሩን ያፈራርቃል፣ ሽንቱ የመጣ ይመስል።

«አያትህስ?»

«አያቴም ደህና ናት አባ፣ ሁሉም ደህና ናቸው አባ!»

ከኋላ የመጣው ጋሪ ገፊም አባን አየ፣ ለቀቀ፣ ተሰለፈ። ሦስተኛውም። ወዲያው ከአባ ፊት ቅላቸውን ብብታቸው ሥር የያዙ ልጆች ሰልፍ ሆነ፤ ጋሪዎቹ ግን ከነነጂዎቻቸው ቁልቁለቱን ይዘው ቀጠሉ። ነጂዎቹ ዞር ሲሉ ከኋላቸው ሰው የለም። ጩኸት ሆነ!

«ተበታተነ!» አለ ስማቸው ለሲስተር፣ በደስታ። «መቀናጆዎ ተበታተነ! ሞተር ነው! ሞተር!»

ጥሩ አስፋልቱ ላይ በሚጫን የጎማ ቁራጭ ፍሬኗ ተንፏቃ መጣችና ኖራው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከመስመሩ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ። መሻገር ትችላለች፣ ግን ብቻዋን አይቆጠርላትም። ወደ ኋላ ዞራ ትጮሃለች። «ናቲ! አንተ ናቲ!»

ከላይ አንድ የቡሬ ጋሪ ብቻ ሁለቱንም ልጆች ይዞ ይመጣል። ገፊያቸው አንገቱን ደፍቶ ሲገፋ አባን ጭራሽ አላየም። ናቲም በመጨረሻ ተለቆ ይሮጣል፣ ቅሉ ከእጁ ወድቆ ከኋላው እየተንከባለለ ይከተለዋል።

«አትሻገሪ!» የሚል ድምፅ ጆሮዬን አደነቆረው። ስማቸው ነው። «ጥሩ፣ የኔ ልጅ፣ አትሻገሪ! ጠብቂው! ናቲ ሩጥ! አንተ እግርህ የት ነው፣ ሩጥ! አያ ጓዴ፣ ጥራው እንጂ፣ ያንተን ድምፅ ይሰማል!» የአያ ጓዴን ጋቢ ይዞ ይጎትታል። አያ ጓዴ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ ለፈረሱ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ፦ «ሂድ! ሂድ! ሂድ!» ናቲ እውነትም ፈጠነ። ዘሎ ከጥሩ ኋላ ወደቀ፣ በእግራቸው አስፋልቱን ገፉ፣ ኖራው ተነሣ፣ የቡሬውም ጋሪ በዚያው ቅጽበት ነጎደ። አቧራና ኖራ ሆነ።

«ቡሬ» አሉ ሲስተር።

«ምን? በምን?» ስማቸው ጋወናቸውን ሊይዝ ምንም አልቀረውም።

«በአፍንጫ ቀድመዋል። አይኔ ደህና ነው።»

«የነሱ ልጅ እኮ መስቀል ሳይሳለም አልፎ ነው የመጣ! የኔ ልጅ ሃይማኖት ስላለው ይሸነፋል?»

አባ በዚህ መሃል ጥላቸውን አጥፈው ደረሱ። ነገሩን ሰሙና «የቡሬውን ልጅ አይቸዋለሁ» አሉ። «ሲያልፈኝ ከኔ መስቀል በታች ነበር ጎንበስ ያለው። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሰገደ መስሎኝ እሱን ከሩቅ ባርኬዋለሁ።» የቡሬው ልብስ ሰፊ ዘለለ፣ ማንን እንዳቀፈ ሳያውቅ እኔን አቀፈኝ።

ስማቸው ፊቱ ቀላ። ጣቱን ወደ ቡሬዎች ቀሰረ። «እሺ! ዘንድሮ ውሰዱ! ለከርሞ ግን ታያላችሁ! እነዚህኑ ሁለቱን፣ በዚችው ጋሪ፣ እዚሁ ቁልቁለት ላይ! ሌሊት ተነሥቼ ልጆቹን ራሴ አባ ዘንድ ወስጄ አሳልሜያቸው ነው የማመጣቸው!»

«በምን ምድብ?» አሉ ሲስተር፣ ሌላ ቦታ እያዩ።

«በምን ምድብ ይባላል እንዴ! በመቀናጆ ነዋ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጥሩ ከጋሪው ላይ ሆና ቅሏን ወደ ሰማይ ወረወረችው። ስማቸው ግን ምን እንደ ተናገረ ገና አልገባውም ነበር። ልጆቹ «አንዴ እንድገመው!» ብለው ከጋሪው አንወርድም ስላሉ፣ እሱ በአንድ ወገን፣ አያ ጓዴ በሌላው ወገን ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሁለቱን ልጆች እንዳሉ ዳገቱን መጎተት ጀመሩ። አንዱ ሲፈጥን ጋሪው ይጠማዘዛል፣ እስኪስተካከሉ ይቆማሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይጎትታሉ።

ሲስተር ይርገዱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ከኋላቸው ጮኹ።

«ቀስ በሉ! እናንተም እኮ ገና ዛሬ ነው የተጠመዳችሁት!»